ለጄኔራሉ አትነሱ

የብረት ታጣፊ ወንበር ወለሉን ሲፍቅ በሰማሁ ቁጥር ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ አጠገብ የነበረው አዳራሽ ትዝ ይለኛል። ዛሬ ጠዋት እንኳ ሥራ ቦታ አንዱ ወንበሩን ሲጎትት ብቻዬን ሳቅሁ። ምን ነካት ብለው አዩኝ።

ያኔ አየሽ፣ የነርሲንግ ትምህርቴን አቋርጬ ቴአትር ላዘጋጅ ተነሳሁ። ያውም ኦፔሬታ! የጥንት የፈረንጅ አስቂኝ ጨዋታ ነው፤ ግማሹ ወሬ፣ ግማሹ ዘፈንና ጭፈራ። ወደ አማርኛ የመለስኩትም እኔ፣ ጭፈራውን ያወጣሁትም እኔ። ታክሲ ነጂው አባቴ ሲሰማ፣ "አንዴ ሞክሪው። ካልሆነልሽ ግን ሰኞ ክላስሽ ትመለሻለሽ፣ ኦኬ?" አለኝ። አባቴ አንዴ ካለ አለ ነው።

የጨዋታው ጨው ጄኔራሉ ነበር። መለከት እየተነፋለት፣ ደረቱን ነፍቶ ይገባል፤ መንደርተኛው ግን ቁጭ ብሎ ይበላል እንጂ ዞር ብሎም አያየው። ቀልዱ ይኼው ነው። ጄኔራል ያደረግኳቸው ሆሊውድ ፓርኪንግ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ድምፃቸው ያለ ማይክ አዳራሹን ይሞላው ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው።

ታዲያ ልምምድ ላይ ጋሼ በገቡ ቁጥር አሥራ ሁለቱም መንደርተኛ ግር ብሎ ይነሳል። "ኖር!"

"በእግዜር፣ በእግዜር ልጆቼ!" ይላሉ እሳቸውም፣ ጄኔራልነታቸውን ረስተው።

"ኧረ በማርያም አትነሱ!" ብዬ እጮሃለሁ።

"እኔ መች ተነሳሁ፤ እግሬ ነው" ይለኛል ከመንደርተኞቹ አንዱ፣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ጭናቸው ላይ ሳህን ባስቀምጥ ሳህኑን ይዘው ተነሱ! ስንት ሳምንት ለፍቼ በመከራ አስቀመጥኳቸው።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ግማሹ ሰው ነጠላውን እንደለበሰ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። አባቴን በዓይኔ ፈልጌ አጣሁት። መለከቱ ተነፋ፣ ጋሼ ገቡ። መንደርተኛው ንቅንቅ አላለም! እፎይ ልል ስል ከኋላዬ ወንበሮች ተንቋቁ። ዞር ብል ተመልካቹ በሙሉ ቆሟል።

"ኖር! ኖር ጋሼ!"

አለቀልኝ አልኩ። ነርሲንጉ ታየኝ። ጋሼ በእግዜር እንዳይሉ ጄኔራል ናቸው፣ ዝም እንዳይሉ ነውር ነው። ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ለተመልካቹ እጅ ነሡና ወደ መንደርተኛው ዞሩ።

"እናንተ አሳዳጊ የበደላችሁ! ከነሱ ተማሩ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መንደርተኛው ራሱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ሳህኑን ጣለ። ያን ቃል እኔ አልጻፍኩትም፤ እንደዚያ ያለም እስከ ዛሬ አልጻፍኩም። ዛሬ በዚህ ሙያ የምበላውን እንጀራ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

ሲያልቅ አባቴን በር ላይ አገኘሁት። ለካ ከኋላ ቆሞ ነበር። ዓይኑን በመሐረብ ይጠርጋል፣ ትከሻው ገና በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"ሶ፣ ሰኞስ?" አልኩት ፈራ ተባ እያልኩ።

"ሰኞ ኤርፖርት ነኝ" አለኝ። "ቀጣዩን ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፤ ሥራ አልገባም።"