ሣራ ጭብጨባውን ያስቆመችበት ቀን

አዳማ ውስጥ ልጆቻችን በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሣራ ገላናን የማያውቅ ወላጅ የለም። ጠዋት ሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ማታ ስትመለስ ያገኘችውን ሁሉ "አካም ጂርቱ?" እያለች ነው ቤቷ የምትደርሰው። ወግ ትወዳለች፤ እኔም ስለምወድ ቶሎ ተግባባን።

ሰሞኑን ግን ለወግ ጊዜ አልነበራትም። ልጇ ሊዲ ትምህርት ቤት ስትውል ጠብታ ውሃ አትቀምስም። የሴቶቹ ሽንት ቤት ውሃ ስለሌለው ላለመግባት ብላ ነው። የወላጆች ኮሚቴ ደግሞ መዋጮውን ለአዲስ የግቢ በር ሊያውለው ነው።

"ነገ ስብሰባው ላይ ተናገሪያ!" አልኳት።

"ብናገርስ? ጋሽ ገሠሠ ሲጨርሱ ይጨበጨባል፤ በቃ።"

እውነቷን ነው። ሰብሳቢያችን ጋሽ ገሠሠ ስንቱን ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። ፊታቸው ቆሞ "አልስማማም" የሚል ከየት ይመጣል? ይሉኝታ ይዞን በየዓመቱ ስናጨበጭብ ኖርን።

በማግስቱ ሣራ ባዶ ጀሪካንና ቆሎ ይዛ ስብሰባው ላይ መጣች፤ ባቄላና ሽንብራ።

"ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ። ለሁሉም ከሁለቱ አንዳንድ ፍሬ ልስጥ። በሩን የሚፈልግ ሽንብራ፣ ውሃውን የሚፈልግ ባቄላ፤ ተራ በተራ ከሰሌዳው ጀርባ እየገባን ጀሪካኑ ውስጥ እንጣል።"

"እኔን ለማውረድ ነው ልጄ?"

"ኧረ በጭራሽ! ሰዉን ለመስማት ነው እንጂ።"

ጋሽ ገሠሠ ሳቁ። "በይ እንግዲያው፣ ለኔም ስጪኝ።"

የባጃጅ ሾፌሩ ኢስሃቅ ተራው ሳይደርስ ሁለቱንም ቆረጠማቸው። "ድምፁን በላው!" ተብሎ ተሳቀበትና ሌላ ተሰጠው።

ጀሪካኑ ሲገለበጥ ጠረጴዛው ባቄላ በባቄላ ሆነ። ጋሽ ገሠሠ መጀመሪያ ባቄላውን፣ ቀጥሎ እኛን አዩ።

"ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ምን ብላችሁ ነው ያጨበጨባችሁልኝ?"

"እንዴት ብለን እምቢ እንበልዎት ጋሼ?" አለች አንዲት እናት።

"እንዲህ ብላችሁ ነዋ!" አሉ ባቄላውን እያሳዩ። "ውሃው ይቅደም። ሥራውን ሣራ ትምራው።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

"ቆይ፣ ቆይ! እኔንም በጭብጨባ?" አለች ሣራ።

ቆሎው እንደገና ታደለ፤ ባቄላ እሺ፣ ሽንብራ እምቢ። አሸነፈች። ጥቂት ሽንብራ ግን ወጣ፤ ሰዉ በእሷ ፈንታ አፍሮ አቀረቀረ። እሷ ግን ሽንብራዎቹን መዳፏ ላይ ለቀመቻቸው።

"የማን እንደሆኑ አልጠይቅም" አለች። "ቅር ያለው ሰው ግን የቧንቧ ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ይንገረኝ። ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ነኝ።"