ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ፣ የቦቢን ወንድም ፍለጋ

ቅዳሜ ጠዋት ከገርጂ የተነሳሁት ለልመና ነው። የውሻዬ የቦቢ ወንድም ሲኤምሲ ይኖራል፤ ባለቤቱን አሳምኜ ውሻው ለምርመራ ደም እንዲሰጥ ማድረግ ነበረብኝ። ቦቢ ገና በወጣትነቱ እየታወረ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ በዓይኑ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን፣ ሬቲናው፣ ቆሻሻውን የሚፈጭለት ኤንዛይም ጎድሎታል፤ ቅባት የመሰለ ዝቃጭ በሴሎቹ ውስጥ ይጠራቀማል። ከእናትም ከአባትም የወረሰው ነው፤ መድኃኒት የለውም። የጤነኛ ወንድሙ ደም ለማነጻጸር ይጠቅማል ተባልኩ። “ጤነኛ” የምትለዋ ቃል አንገበገበችኝ። ከአንድ እናት፣ በአንድ ቀን ተወልደው፣ ለምን የእኔው?

መገናኛ

ታክሲ ለመቀየር ወረድኩ። ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ብርቱካን ገዛሁ፤ ዋጋው ያስደነግጣል። ሰልፍ ይዤ ስቆም አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ መኪኖቹን እያየ፣ እየጠበቀ፣ አስፋልቱን ተሻገረ። በእሱም ቀናሁ።

ሲኤምሲ

ጋሽ ተክሉ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ውሻቸው ነብሮ ግቢው ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የወረወሩለትን ኳስ ከአየር ላይ ይቀልባል። ምነው ይሄም በታመመ ብዬ በሆዴ ተመኘሁ።

ጉዳዬን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ልጄ፣ ለደህና ውሻ መርፌ ምን ያደርግለታል? ያንቺው ምግብ ጎድሎበት ይሆናል።”

ተናድጄ ቦርሳዬን አነሳሁ።

“ይሄ እኮ ማታ ዝንብ አያሳልፍም” አሉ ጀርባውን እየደባበሱ። “ሰሞኑንማ ብሶበታል። እኔም ከመኪና ስወርድ ይጮህብኛል፤ ድምፄን ሲሰማ ነው የሚተወኝ። ዘበኛ እንዲህ ነው።”

መልሼ ተቀመጥኩ። ቦቢም የጀመረው እንዲሁ ነበር፤ እኔም ጀግና ወጣው ብዬ ለጎረቤት አውርቻለሁ።

“ጋሽ ተክሉ፣ ሲጨልም ስለማያይዎት ነው።”

ኳሱን ከነብሮ አፍ ወሰዱ። ከዚያ ጨለማው ጋራዥ ውስጥ ገብተው ኳሱን አሳዩት፤ ድምፅ ሳያሰሙ። ነብሮ ደፉ ላይ ቆመና በፊት እግሩ መሬቱን ዳበሰ።

መልስ

በራሳቸው መኪና ይዘውኝ ወደ ሐኪሙ ሄዱ፤ ነብሮ ከኋላ ወንበር። ጋሽ ተክሉ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

“ያመዋል?”

“ዓይኑን አያመውም” አልኳቸው።

ደሙ ተወስዶ ቤቴ ስደርስ ቦቢ ድምፄን ተከትሎ ሮጠና ከበሩ ጋር ተላተመ። በቅናት የተመኘሁት ሁሉ ደርሶልኛል፤ ለቦቢ ግን ምንም አልጨመረለትም።