ሻኛ የሌለው ኮርማ

እዚህ ጀርመን አገር፣ ጋሉስ ሰፈር ያለው ሐኪሜ ዘንድ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ነበረኝ። ተራዬን ስጠብቅ ባገላበጥኩት መጽሔት ላይ አጭር፣ ቀይ፣ ሻኛ የሌላት ላም አየሁ። ከሥሯ በጀርመንኛ «የሸኮ ከብት፣ ሊጠፋ የተቃረበ የኢትዮጵያ ዝርያ» ይላል። ክው አልኩ።

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ኮርማ ነበር፤ በሰፈሩ የቀረው የሸኮ ኮርማ እሱ ብቻ ነው። ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ የሚባል የከብት በሽታ አይደፍረውም። ግን ኃይለኛ ነበር። አንድ ቀን እናቴን በቀንዱ አንስቶ ጣላት፤ እጇ ተሰበረ። አባቴ በዚያው ዕለት አሳረደው። ግቢው ትኩስ ደም ትኩስ ደም ይሸታል። ጎረቤታችን አባባ ወልዴ መጥተው ጭንቅላቱን ኮባ ቅጠል ላይ ሲያዩ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ምነው ልጄ! ላሞቻችን ከእንግዲህ ከማን ይወልዳሉ?»

«ሻኛው የሚያምር ኮርማ ከደጋ አመጣለሁ፣ አባባ» አላቸው አባቴ።

አመጣም። ክረምቱ ሳይወጣ ገንዲ ገደለው።

ከሐኪሙ እንደወጣሁ ሚዛን ቴፈሪ ደወልኩ። አባቴ አርጅቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

«አባዬ፣ ያ እማዬን የወጋት ኮርማ ትዝ ይልሃል?»

«የቱ ኮርማ?» አለኝ።

«ሻኛ የሌለው፣ በዚያው ዕለት ያሳረድከው» አልኩት።