እህቷ ቤት የማይጠፋው ኮምፒውተር

እትዬ የሚለውን ስም ያወጣችላት ታናሿ ናት። ገና አፏን ስትፈታ እህቷን እንዲያ ብላ ጠራቻት፤ ከዚያ እናትም አባትም ጎረቤትም ተከትለው እትዬ አሏት። ዛሬ ቪዲዮ የምታቀናብርላቸው ሙሽሮች እንኳ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እትዬ ነው የሚሏት። ታናሿን ደግሞ ሳቋ ከደጅ ስለሚሰማ ቤተሰቡ ፍልቅልቅ ይላታል። እትዬ አንዳንዴ ብቻዋን ስትሆን ስሜን እንኳ የወሰደችብኝ እሷ ናት እያለች ታስባለች። ሐሳቡ እንደማያምርባት ታውቃለች፤ ግን ይመጣል።

የእትዬ መተዳደሪያ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ ማቀናበር ነው። የምትሠራበት ላፕቶፕ አርጅቶ አንድ ሠርግ ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት ቢውል፣ ዕቃውን ለየብቻ ገዝታ የራሷን ኮምፒውተር ለመገጣጠም ቆርጣ ተነሣች። ያላነበበችው፣ ያልጠየቀችው አልነበረም። የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ በቃሏ እስክትወጣው ድረስ አጠናች። ልትገዛ የሄደች ዕለት ፍልቅልቅ እንዲሁ ለጓደኝነት ተከትላት ነበር። እትዬ ባለሱቁ ፊት ቆማ አንዱን ስታነሣ ሌላውን ስትጥል ቆይታ መርጣ ስትጨርስ፣ ፍልቅልቅ ሻይ እንደሚያዝ ሰው፣ ለእኔም ልክ እንደ እሷ አድርግልኝ አለች። የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ኮምፒውተሩን የፈለገችው ከሥራ ስትመለስ ጌም ልትጫወትበት ነው።

ሁለቱም እትዬ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ገጣጠሙ። አስተማሪዋ እትዬ ነበረች። ይሄ እዚህ ይገባል፣ ያንን አትጫኚው፣ መጀመሪያ ብረት ነክተሽ ነው የምትይዢው እያለች። ፍልቅልቅ በአንድ ጆሮዋ ስልክ እያወራች ብሎኖቹን ታጠብቃለች። እትዬ ለራሷ ለዕቃው መያዣ መስታወት ጎን ያለው አዲስ ጥቁር ኬዝ ገዝታለች። ፍልቅልቅ ግን ከክሊኒኩ የተጣለ፣ እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ የሆነ ኬዝ ጠርጋ አምጥታ ነው እዚያ ውስጥ የገጠመችው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉም አማን ነበር። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ የአንድ ባልና ሚስት ቪዲዮ ተጠናቆ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ የእትዬ ስክሪን ድርግም አለ። ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ መብራቱም በርቷል፣ ምስል ግን የለም። ትንሽ ቆይቶ ራሱን አጠፋና እንደገና ተነሣ። የሠራችው ሁሉ ውሃ በላው።

መጀመሪያ የጠረጠረችው መብራቱን ነው፤ ስታቢላይዘር ገዝታ መሐል አስገባች። ጠፋ። ሙቀት ይሆናል ብላ የመስታወቱን ክዳን አውልቃ የጠረጴዛ ማራገቢያ ደቀነችበት። ጠፋ። ሲስተሙን አጥፍታ እንደ አዲስ ጫነች፤ ደህና ሆነና፣ ልቧን ከጣለችበት በኋላ ጠፋ። ተሸክማ ሱቅ ወሰደችው። ቴክኒሻኑ ኬዙን ጠረጴዛው ላይ በጎኑ አጋድሞ ቢያሠራው ረፋዱን ሙሉ ፀጥ ብሎ ሠራ። ምንም የለበትም ብሎ ሲመልስላት፣ ሕመም ሳይኖራት ሐኪም ቤት የተመላለሰች ሴት የምትታየውን አስተያየት አያት። ቤቷ መልሳ ጠረጴዛው ሥር አቆመችው፤ ምሳ ሳይደርስ ድርግም አለ።

የፍልቅልቅ ኮምፒውተር ጠፍቶ አያውቅም። ብስኩት እየቆረጠመች ፍርፋሪውን ታራግፍበታለች፣ ሳታጠፋው ሥራ ሄዳ ትመለሳለች፤ እሱ እቴ። እናታቸው በስልክ የሁለቱንም ሲሰሙ፣ እትዬን፣ አንቺ ምን አድርገሽው ነው አሏት። አስተማሪዋ እሷ፣ መራጯ እሷ፣ ሌት ተቀን ያጠናችው እሷ፤ የቀናው ግን የታናሿ እጅ ነው። ልጅ ሆነውም እንዲሁ ነበር። እሷ እየተጠነቀቀች የምትይዘው ብርጭቆ ይሰበራል፣ ፍልቅልቅ እየወረወረች የምትቀልበው አይሰበርም።

የታመመውን ዕቃ ለመለየት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ከሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ጤነኛውን ነቅሎ መለዋወጥ። እትዬ ይህን ከመጀመሪያውም ታውቃለች። የዘገየችው ልመና መሄድ ስለከበዳት ነው። መጨረሻ ላይ ጥርሷን ነክሳ ስትጠይቃት፣ ፍልቅልቅ ሳታስብ፣ ነይና የፈለግሽውን ንቀይ አለቻት። ነገሩ ለእሷ እንዲህ መቅለሉ ነው እትዬን ያንገበገባት። ትንሽ ብታመነታ፣ ትንሽ ፊቷን ብታጠቁር ይሻላት ነበር።

መጀመሪያ መብራት የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ተለዋወጡ። እትዬ የፍልቅልቅ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእህቷን ስክሪን ስትጠብቅ ዋለች። ጥፋ፣ ጥፋ እያለች በሆዷ። አልጠፋም። እትዬ ቤት ግን የፍልቅልቅ ፓወር ሰፕላይ ገብቶም ጠፋ። ምስል የሚያወጣው ቪዲዮ ካርድም እንዲሁ። የእሷ ዕቃ ፍልቅልቅ ቤት ሲገባ ጨዋ ይሆናል፤ የፍልቅልቅ ዕቃ እሷ ቤት ሲመጣ ያብዳል።

ቪዲዮ ካርዱን ልትመልስ የሄደች ቀን ነው ያን ነገር የሠራችው። ሱቁ አንድ ዓይነት ስለጨረሰ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ የሆኑት ራሞች የእትዬ ጥቁር፣ የፍልቅልቅ ብርማ ናቸው። ፍልቅልቅ ሻይ ልታፈላ ወጥ ቤት ገባች። እትዬ የተከፈተው ቢጫ ኬዝ ፊት ተንበርክካ ነበር። ብርማዎቹን ነቀለች፣ ከቦርሳዋ የራሷን ጥቁሮች አውጥታ በቦታቸው ሰካች፣ ክዳኑን ገጠመች። ለእሷ መጫወቻ ነው፣ ለእኔ ኑሮዬ ነው ብላ ለራሷ ነገረችው። ግን ከዚያ ሥር ሌላ ነገር እንደነበረ አልጠፋትም። አንድ ቀን እሷም ትየው። አንድ ቀን እሷም ስክሪን ፊት ቁጭ ብላ ታልቅስ። ሻዩን ጠጥታ፣ አመስግና ወጣች።

ብርማዎቹ ራሞች ቤቷ ገብተው ሠሩላት። እትዬ እያንጎራጎረች አንድ ሠርግ ጨርሳ አስረከበች። በየቀኑ ለእህቷ እየደወለች፣ ወሬውን ከወዲያ ወዲህ አድርጋ፣ ኮምፒውተርሽስ እንዴት ነው ትላለች። እንደ ድሮው ነው፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው ትላታለች ፍልቅልቅ። ጥርጣሬ የሚባል ነገር ድምፅዋ ውስጥ የለም።

አንድ ቀን ፍልቅልቅ፣ «ሰሞኑን በደንብ ትደውይልኛለሽ፤ ደስ ይለኛል» አለቻት። እትዬ ስልኩን ዘግታ ወደ ሥራዋ ስትዞር ስክሪኑ ድርግም አለ።

ከዚያ ወዲያ መደወሏን ተወች። ሲደወልላትም ሥራ በዝቶብኛል ትላለች። ፍልቅልቅ በዕረፍት ቀኗ ትልቅ ካርቶን ብብቷ ሥር ይዛ ከተፍ አለች። ክሊኒክ ውስጥ መሣሪያ የሚጠግን ሰው ጠይቃ፣ ሁሉንም ከኬዙ አውጥታችሁ ካርቶን ላይ አሠሩት ብሏት ነው። እትዬ ይቅርብን ለማለት ሰበብ ስትፈልግ፣ እህቷ ካቻቢቴውን ይዛ መሬት ተቀምጣለች። ከሁሉ በፊት የነቀለችው ራሙን ነው። ብርማዎቹን መዳፏ ላይ አድርጋ አገላበጠቻቸው። እትዬን እስከ ጆሮዋ ጋላት።

«ያኔውኑ ነው ያየሁት» አለች ፍልቅልቅ፣ ቀና ሳትል። «ክዳኑን አላጠበቅሽውም ነበር። ላጠብቀው ስል ጥቁሮቹን አየኋቸው።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ጥቁሮቹ ለእኔ ሠሩ። ብርማዎቹ ለአንቺም ከሠሩ ብዬ ነዋ።» ራሞቹን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ፣ «ብትጠይቂኝ ግን እሰጥሽ ነበር። እሱ ነው ያስከፋኝ» አለች።

እትዬ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ጠይቄሽ ስትሰጪኝ ነው የማልወደው።»

ፍልቅልቅ አልሳቀችም። እህቷን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታይ ሰው አየቻት። ካቻቢቴውን አቀበለቻትና፣ በይ ትልቁን ቦርድ፣ ማዘርቦርዱን አንቺ አውጪው፣ እኔ ልሰብረው እችላለሁ አለች።

ሁሉን ካርቶኑ ላይ ዘርግተው አበሩት። እትዬ ያላትን ከባድ ሠርግ ጫነችበት። አልጠፋም። ሌላ ደገመችበት። ፍልቅልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷት፣ ተነሥታ፣ ምሳ በልተውም እንደበራ ነው። እንግዲህ ዕቃው ሁሉ ንጹሕ ከሆነ የቀረው ባዶ ኬዝ ብቻ ነው። እትዬ ኬዙን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። ውስጡ ማዘርቦርዱ የሚቀመጥባቸው ትናንሽ የነሐስ እግሮች አሉ፤ እያንዳንዱ እግር ከማዘርቦርዱ አንድ ቀዳዳ ጋር መግጠም አለበት። በጣቷ እየነካች ስታስተያይ አንደኛው እግር ቀዳዳ በሌለበት ቆሟል። ማዘርቦርዱን ገለበጠችው። በዚያው ቦታ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ታየቻት። ኬዙ ሲቆም ከባዱ ቪዲዮ ካርድ ቦርዱን እየጎተተ ያጎብጠዋል፣ ቦርዱ ነሐሱን ይነካል፣ ያኔ ድርግም። ሱቅ ውስጥ ሲጋደም ለምን እንደማይጠፋ አሁን ገባት። ያችን እግር ያጠበቀቻት ራሷ ናት፤ እግር ሲበዛ ይበልጥ ይጸናል ብላ። ፍልቅልቅ የተጣለው ኬዝ ውስጥ የነበረውን እንደነበረ ትታው ነበር።

የነሐሷን እግር ፈታ ጨበጠቻት። ለአፍታ ኪሷ ልትከታት፣ በራሱ ተስተካከለ ልትል አሰበች። ከዚያ መዳፏን ከፍታ አሳየቻት።

ፍልቅልቅ፣ «በዚህች ነው?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እትዬም ሳትወድ በግድ ሳቀች።

መልሰው ገጠሙት፤ ቆሞም አልጠፋም። ፍልቅልቅ እዚያው ሆና ለእናታቸው ደውላ፣ እትዬ ናት ያገኘችው፣ ቴክኒሻኑ ያቃተውን እሷ አገኘችው አለች። እናታቸው አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጣት ነበር ሲሉ ከስልኩ ተሰማ። እትዬ ኬብሉን እየጠቀለለች ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ግን ከእናቷ ንግግር ይልቅ የእህቷ ምስክርነት ነው ያቃጠላት። ይህን የመሰለ ደግነት እንኳ ለፍልቅልቅ ነው የተሰጠው። ራሞቹን መልሰው ሳይለዋወጡ ተዉአቸው፤ ጥቁሮቹ እዚያ፣ ብርማዎቹ እዚህ ቀሩ።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ፍልቅልቅ ደውላ፣ ኮምፒውተሬ እየጮኸብኝ ነው፣ ዓይነቱ የማላውቀው ጩኸት ነው አለች። የእትዬ ልብ በደስታ ዘለለ። አፈረች፤ ግን ደስታው አልወረደም። መሣሪያዎቿን ሰብስባ፣ በእጇ የያዘችውን ምርቃት ትታ ወጣች፤ መንገድ ላይ እርምጃዋ እየፈጠነባት ሁለቴ ራሷን ተቆጣች።

ከፍታ ስታየው አንድ ቀጭን ኬብል ከቦታው ተንሸራቶ የማራገቢያውን ክንፍ እየነካ ነው። በአንድ ጣት ገፋ ቢደረግ ያበቃል። ፍልቅልቅ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ብሎኖቹን ለመቀበል መዳፏን ዘርግታ ትጠብቃለች።

«ከባድ ነው እንዴ እትዬ?»

«እናየዋለን» አለች እትዬ፤ ኬብሉን እንዳለ ትታ፣ ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቅላ የመጀመሪያውን ብሎን ቀስ ብላ መፍታት ጀመረች።