የዘርፈሽዋል ማንኪያ

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል በአሰበ ተፈሪ ወህኒ ቤት የበር ፈታሽ ነበሩ። ባላቸው ፖሊስ ነበሩና ሲሞቱ፣ «ሴት ጠያቂዎችን የምትፈትሽ ሴት ያስፈልገናል» ተብለው ተቀጠሩ። ለእስረኛ የሚመጣ ስንቅ በእሳቸው እጅ ሳያልፍ አይገባም። በቀበቷቸው ላይ ሁልጊዜ የምትሰካ አንዲት የወይራ ማንኪያ ነበረቻቸው። ከዳቦ ውስጥ ሰንጢ፣ ከገንፎ ውስጥ የተጠቀለለ ደብዳቤ የሚያወጡት በዚያች ማንኪያ ነው። ሰንጢውን ለአለቃ ያስረክባሉ። ደብዳቤውን ግን እኔ ዘንድ ያመጡና ያስነብቡኛል፤ ናፍቆት ብቻ ከሆነ መልሰው ገንፎው ውስጥ ይቀብሩታል። «በልቶ ይድረስበት» ይላሉ።

እኔ ያኔ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከጎጃም ተመድቤ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ሲሆን፣ ጠረጴዛዬ ከበሩ አጠገብ ካለው የቆርቆሮ ክፍል መስኮት ሥር ነበር። ስለዚህ የምናገረው ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት አንድ ወሬ መጣ። በሩቅ ከተማ አንድ እስረኛ በስንቁ ተመርዞ ሞተ ተባለ። እውነት ይሁን ሐሰት ያጣራ የለም። የበሩ አዛዥ መቶ አለቃ ይልቃል፣ ልጅ እግርና ጥንቁቅ ሰው ነበርና፣ «ከነሐሴ አንድ ቀን ጀምሮ ስንቅ ያመጣ ሰው ፊታችን ሳይቀምስ ምግብ አይገባም» ብሎ አዘዘ። ደንቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ያ ነሐሴ የሙስሊሙ ረመዳንና የክርስቲያኑ ፍልሰታ የተገናኙበት ወር ሆነ። ታዲያ ቀማሽ ከየት ይምጣ?

በመጀመሪያው ቀን ከበሩ የደረሱት አዴ ኩልሱማ ነበሩ፤ «አዴ» በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው። ልጃቸው ዓሊዩ በመስኖ ውኃ ጠብ ጎረቤቱን በዱላ መትቶ አካሉን ስላጎደለ ሰባት ዓመት ተፈርዶበታል። ጥፋቱን አልካደም፤ እናቱም አልካዱለትም። ረመዳን ሲገባ ከገጠር፣ ከቦኬ መጥተው ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አርፈው፣ ማፍጠሪያውን በየቀኑ ያመጡለት ነበር።

«ይቅመሱ እንጂ፣ አዴ» አለ ዘበኛው በለጠ።

«ጾመኛ ነኝ እኮ ልጄ። ረመዳን አይደለም?»

«ትእዛዝ ነው። ወይ ይቅመሱ፣ ወይ ይመልሱት።»

አዴ ኩልሱማ ድስቱን አዩ፤ በሩንም አዩ። «ራቢ ይቅር ይበለኝ» አሉና እጃቸውን ወደ ድስቱ ሰደዱ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ዘለው ክንዳቸውን ያዙ።

«ተዪ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልጄ ጦሙን ከሚያድር የኔ ጾም ይፍረስ።»

«አይፈርስም!» አሉና ማንኪያቸውን መዘው ክዳኑን ከፈቱ። ሩዝ በሥጋ ነበር። ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረች። ቀኑ የፍልሰታ፣ ሥጋው ደግሞ የሙስሊም እርድ። «ዛሬስ ተሸነፍን» አሉ ቀስ ብለው። ድስቱ እንዳለ ተመለሰ። ያን ምሽት ዓሊዩ ያፈጠረው ታጁዲን የሚባል የእስር ቤት ባልንጀራው ከትናንት ባስተረፈለት ተምር ነው።

በማግስቱ ጥዋት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አዛዡ ዘንድ ገቡ። ግድግዳችን ቆርቆሮ ነውና አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ የጾመኞቹን ስንቅ እኔ ልቅመስ።»

«ደንቡ ያመጣው ሰው ይቅመስ ነው የሚለው።»

«ደንቡ የወጣው መርዝ እንዳይገባ አይደል? መርዝ ካለው መጀመሪያ እኔን ይገድላል። ያኔ በሩን ይዝጉታ!»

መቶ አለቃው ሳቀ። «እርስዎስ ጾመኛ አይደሉም እንዴ? ቄሱ ምን ይሉዎታል?»

«የጾም ምግብ አስመጣለሁ፤ የምቀምሰውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። የንስሐ አባቴ ከእስላም ድስት ቀመስሽ ብለው ከተቆጡ እሰግዳለሁ፤ ጉልበቴ ገና ነው።»

«አንድ እስረኛ ቢታመም ግን ሥራዎን ማጣት ብቻ አይደለም፤ እዚሁ ነው የሚታሰሩት። ይህን ሁሉ ለወንጀለኛ ብለው?»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዳኛው ዓሊዩ ላይ ሰባት ዓመት ፈረደ፤ ደግ አደረገ። እናቱ ጾም ላይ ግን አልፈረደም። ዳኛ ያልፈረደውን እኛ በር ላይ ቆመን ለምን እንጨምራለን?»

መቶ አለቃው «ጸሐፊ!» ብሎ ጠራኝ። በስንቁ ለሚደርሰው ሁሉ ተጠያቂ ነኝ የሚል ወረቀት ጻፍኩ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ፊደል አልቆጠሩምና አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ በሩ ወጡ። «ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ኑ!» ብለው ለሴቶቹ ተናገሩ።

አንዷ፣ «ቅቤ የሌለው ገንፎ ለልጄ?» ብላ ስታጉረመርም አዴ ኩልሱማ ተቆጧት። «ዝም በይ! እሷ ለልጅሽ ነፍሷን ትሰጣለች፣ አንቺ ለቅቤ ታለቅሻለሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽላ ገንፎ በዘይት፣ ሩዝ በካሮት፣ የምስር ሳምቡሳ ይሰለፍ ጀመር። ሃያም ሠላሳም ድስት ይሆናል። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከየድስቱ አንድ አንድ ማንኪያ ይቀምሳሉ፤ በየመሀሉ ማንኪያዋን ያጥባሉ፤ ጥቂት ይጠብቁና «ይግባ!» ይላሉ። ከአጥሩ ውስጥ እስረኞቹ ያችን ቃል ሲሰሙ ያጨበጭቡ ነበር።

«ወይዘሮ ዘርፈሽዋል» አላቸው በለጠ፣ «ፍልሰታን ወፍሮ የሚወጣ ክርስቲያን እርስዎ ብቻ ነዎት!»

«አንተ ዝም በል! አንተን እንኳ ማንም አይቀምስህም።»

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ፍልሰታ ተፈታ። ረመዳን ግን ገና አላለቀም። ሴቶቹ በዚያም ቀን ሥጋ አላመጡም። ማንም አልነገራቸውም፤ የወይዘሮ ዘርፈሽዋልን ሃይማኖት ራሳቸው ጠበቁላቸው።

የኢድ ዕለት አዴ ኩልሱማ በጥዋት ደረሱ። አዲስ ሻሽ አስረዋል፤ ድስታቸው ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን ሰላም ሳይሉ ማንኪያዋን ከቀበቷቸው መዘዙ።

«ዛሬ ቀማሿ እኔ ነኝ!» አሉና ጎረሱ። ደገሙ። ሰለሱ።

«አንድ ይበቃል እኮ፣ አዴ!» አለ በለጠ።

«የከረመውን ነው የምቀምሰው!»

በሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መቶ አለቃ ይልቃልም ሳቀ። አዴ ኩልሱማ ከነጠላቸው ሥር ትንሽ ሳህን አወጡ፤ ሩዝ በካሮት፣ ሥጋ ያልነካው፣ ለብቻ የተሠራ። «ይቺ ያንቺ ናት፣ ዘርፌ። ዓሊዩ ነው አደራ ያለኝ።» ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው በሩን ራሳቸው ከፈቱ።

ማታ ላይ መቶ አለቃው፣ «ያን ወረቀት አሁን ቅደደው» አለኝ። እሺ አልኩ፤ ግን አልቀደድኩትም። በዚያ መዝገብ ቤት የጣት አሻራ ሞልቷል፤ የሌባ አለ፣ የነፍሰ ገዳይ አለ። በመካከሉ የዘርፈሽዋልም አንድ ይኑር ብዬ ፋይሉ ውስጥ መልሼ አኖርኩት።