ለመተንፈስ ብቅ የማይለው ሌባ

የዓሣ ተመራማሪዋ ቡ ዮንግሲል ሁለት ድምፅ መቅጃ፣ አንዱን ከውኃው በላይ አንዱን ከታች፣ ባሕራችን ላይ ስትተክል እኛ በኮሪያዋ የጄጁ ደሴት ያለን ጠላቂ ሴቶች ሳቅንባት።

«ደግሞ ባሕር ምን ብሎ ሊያወራሽ ነው?» አልኳት።

አንድ ቀን ጠርታ አሰማችን። ሽሪምፑ እንደ ጋለ ዘይት ይንጣጣል። ከዚያ ረጅም ፉጨት መጣ፤ ከውኃ ብቅ ስንል የምንተነፍሰው ነው።

«ይኼማ የእትዬ ማልሱን ነው!» ተባባልን፤ ከሁላችን አንጋፋዋ ናቸው።

ከፉጨቱ ኋላ ግን የማያቋርጥ የአረፋ ቡልቅታ ነበር። እኛ የአየር ጋን አናዝልም፤ ክልክል ነው። ትንፋሻችን የፈቀደልንን ያህል የባሕር ቀንድ አውጣ ብቻ ነው የምንለቅመው።

«ይኼ ሰውዬ ለመተንፈስ ብቅ አይልም» አለች ዮንግሲል። በአየር ጋን እየጠለቀ ባሕራችንን ሲዘርፍ የነበረው ሌባ በዚያ ድምፅ ተያዘ።

ይኼኔ አንድ የመንግሥት ኃላፊ ስርቆት እንዳይደገም ባሕሩ በሙሉ ይዘጋ አለ፤ ለአሮጊቶቻችን የምንተወውን ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ጭምር! ደሜ ፈላ። ዮንግሲል ግን ስለዚሁ በተጠራው ስብሰባ ላይ አልተከራከረችም። መጀመሪያ የሌባውን አረፋ አሰማች፤ ቀጥላ የእትዬ ማልሱንን መጥለቅ። ቀረጻው ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘመ። አዳራሹ ሳይታወቀው ትንፋሹን ያዘ። ኃላፊው ፊቱ ቀልቶ እፎይ ብሎ ተነፈሰ፤ በቀረጻው ውስጥ እትዬ ማልሱን ግን ገና ከውኃው በታች ነበሩ።

ፉጨታቸው በመጨረሻ ሲሰማ እትዬ ማልሱን ራሳቸው ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ሆነው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ሰማንያ ሲሞላህ ትለምደዋለህ» አሉት።

ዳርቻውን የዘጋው የለም።