ሸዋዬና ቲቤታዊቷ ጨፋሪ

ሸዋዬ ዕድሜዋን የፈጀችው ባሕር ዳር ውስጥ በባህል ቡድን እስክስታ ስትወርድ ነው። የተወለደችው ከመራዊ ወዲያ ገጠር ነበር። እናቷ እዚያ ስትሞት መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብር አልደረሰችም። መርዶዋን በሰማች ሰሞን የቡድኑ ሰዎች፣ “የሁሉም ቤት ነው፣ ቻይው” ብለው ሠርግ ላይ አስጨፈሯት።

ዘንድሮ፣ ከህንድ የመጡ ቲቤታውያን ለተፈናቃይ ሕፃናት መርጃ ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ሙዚቃና ጭፈራ ሲያቀርቡ፣ ሸዋዬ መድረኩን እንድትከፍት ተጠራች። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ቲቤታዊት ረጅም እጅጌዋን እያስተካከለች አናገረቻት።

“የተወለደችው በስደት ነው” አላት አስተርጓሚው ኪሩቤል። “የምትጨፍርለትን አገር በዓይኗ አይታው አታውቅም። ያንቺስ አገር ሩቅ ነው ወይ ትልሻለች።”

ሸዋዬ ከጥርሷ በማያልፍ ሳቅ ሳቀች።

“በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም በላት። እናቴን ግን አፈር አላለበስኋትም።”

ቲቤታዊቷ ይህን ስትሰማ እጇን ይዛት አለቀሰች። ሸዋዬ እጇን ነጠቀቻት። ለእናቷ የሚያለቅስላት ሰው ከባሕር ማዶ መምጣቱ አንገበገባት።

“ሸዋዬ፣ ግቢ! ፈገግ በይ እንጂ!” አለ መድረክ መሪው።

ገብታ ትከሻዋን አንቀጠቀጠችው፤ ሕዝቡም ስልኩን ደግኖ እልል አለላት።

ስትወጣ ቲቤታዊቷ መዝፈን ጀምራ ነበር። ቃሉ ባይገባትም ሙሾ መሰላት። መስማቱን አልቻለችም፤ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ በጓሮ በር ወጣች።